አገር ሲከፈል ጓዳ ምን ይሆናል?



ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚለውን ተረት ሁላችንም እንጠቅሰዋለን። ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ መለያየት ሲነሣ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ዝሆኖቹ ይሆናል፤ የትኛው መሪ ምን አለ፣ ወደቡ ለማን ይገባ ነበር፣ ባድመ የማን ናት። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሣሩ ልንጽፍ ወደድን።

ታሪኩ ከማኅበራችን የራቀ አይደለም። በመካከላችን በሕፃንነታቸው ከአስመራ ተፈናቅለው የመጡ፣ ከአሰብ ሥራቸውን ጥለው የተመለሱ፣ አባታቸው ወይም ባለቤታቸው በ1990 ዓ.ም. ተወስዶ ለሃያ ዓመት ዓይኑን ሳያዩ የኖሩ እህቶች አሉ። የእያንዳንዳቸው ታሪክ የራሳቸው ስለሆነ እዚህ አናወጣውም። የምንጽፈው በአደባባይ የሚታወቀውንና ሁላቸውንም የነካውን ነው።

ሐሳባችን አጭር ነው። በየሰፈራችን ባልና ሚስት ሲፋቱ አይተናል። በሽማግሌ ፊት ዕቃቸውን ቆጥረው፣ የልጅ ቀለብ ቆርጠው፣ የቤቱን ነገር በጽሑፍ አስፍረው የተለያዩ ሰዎች ቢያዝኑም ኑሯቸውን ይቀጥላሉ። ዓመት ቆይተው ፍርድ ቤት የሚካሰሱት፣ ልጆቻቸውንም የሚያስለቅሱት «ለጊዜው ይቆይ፣ እንግባባለን» ተባብለው ሳይካፈሉ የተለያዩት ናቸው። በ1985 ዓ.ም. የሆነውም ይህን ይመስላል። ሁለቱ አገሮች በሰላም ተለያዩ። ነገር ግን ማን የማን ዜጋ እንደሆነ፣ በምን ገንዘብ እንደሚገበያዩ፣ ድንበሩ በየት በየት እንደሚያልፍ አጥርተው ሳይጽፉ ነበር። ሳይጻፍ የቀረውን ዕዳ የከፈለው ተራው ሰው ሆነ።

ከመለያየቱ በፊት

መረብ ወንዝ የሁለት መንግሥታት ድንበር የሆነው በጣልያን ዘመን ነው። ጣልያን በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ የሚል ስም የሰጠውን ቅኝ ግዛት አቋቋመ። ከዚያም ከአፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. የድንበር ውሎች ተፈራረመ። በውሎቹ ላይ የተጠቀሰው መስመር ግን መሬት ላይ ወርዶ ምልክት አልተተከለለትም። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጣልያን ከተሸነፈ በኋላ እንግሊዞች ኤርትራን ለአሥር ዓመት ያህል አስተዳደሯት። በመስከረም 1945 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። የትጥቅ ትግሉ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሮ ነበርና 30 ዓመት ዘለቀ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ይንቀሳቀስ ነበር። ከትግራይ ገበሬው እርሻው ሲያርፍ አስመራ ሄዶ የቀን ሥራ ይሠራል። ከኤርትራ የመጡ መካኒኮች፣ አናጢዎች፣ መምህራንና ነጋዴዎች በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በጎንደርና በድሬዳዋ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ድረው፣ የዕድር አባል ሆነው ኖሩ። በአሰብ ወደብ ዕቃ የሚያወርደው ሠራተኛ፣ ሻይ ቤት የከፈተችውና እንጀራ የምትሸጠው ሴት ብዙዎቹ ከመሃል አገር የወረዱ ነበሩ። ጋብቻውም እንደዚሁ ተሳሰረ። በአንድ ቤት አባት ከሐማሴን፣ እናት ከወሎ መሆናቸው የሚያስገርም ነገር አልነበረም። ልጆቹም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉና ሌላ አገር የማያውቁ ነበሩ።

የ1983ቱ ተፈናቃዮች

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር አስመራ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዘ። ለብዙዎች ይህ የጦርነት ማብቂያ ነበር። በኤርትራ ለነበረው የቀድሞ ሠራዊት ቤተሰብ ግን የመፈናቀል መጀመሪያ ሆነ።

በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው፣ ከመንግሥት ሥራ ጋር የተያያዙ ሰዎችም ከኤርትራ እንዲወጡ ተደረገ። ገሚሱ በትግራይ በኩል በእግር፣ ገሚሱ በሱዳን በኩል ወጣ። ከሚስቶቹ መካከል እዚያው ኤርትራ የተወለዱ ነበሩ። ባልን ተከትሎ ወደማያውቁት አገር መውጣት ወይም ከእናት አባት ጋር ቀርቶ ከባል መለየት ነበር ምርጫቸው። አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች የደረሱት በሸራና በፕላስቲክ መጠለያ ውስጥ ለዓመታት ኖሩ። ባል ሠራዊቱ ስለፈረሰ ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ ቤቱን ያቆመችው ጉሊት የያዘችው፣ ልብስ ያጠበችው፣ ጠላ የጠመቀችው ሴት ነበረች።

አገሪቱ ገና በሕግ ሳትለያይ የመለያየቱን የመጀመሪያ ዋጋ የከፈሉት እነዚህ ናቸው። በወቅቱ ግን አብዛኛው ሰው እንደ ጦርነት ጠባሳ እንጂ ለሚመጣው ማስጠንቀቂያ አድርጎ አላየውም።

በሰላም የተፈጸመ መለያየት

ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ሪፈረንደም ተካሄደ። ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ ያላነሰ ሰው ድምፅ ሰጥቶ 99.8 በመቶው ነፃነትን መረጠ። ምርጫ ጣቢያ የተከፈተው በኤርትራ ብቻ አልነበረም፤ በሱዳን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ፣ በኢትዮጵያ ውስጥም ነበር። በኢትዮጵያ ከ57 ሺህ በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነፃነት ታወጀ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም እውቅና ሰጠ።

በማግስቱ በየቤቱ ምን ተለወጠ ቢባል ምንም ማለት ይቻላል። ብሩ ያው ብር ነው። ሰዉ እንደ ድሮው ከአዲስ አበባ አስመራ ይመላለሳል። አሰብ የኢትዮጵያን ዕቃ ማስተናገዱን ቀጠለ። ድምፅ የሰጠው ሰው በማግስቱ ወደ ሱቁ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። በኢትዮጵያ መታወቂያው ይሠራል፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይጓዛል።

ሁለቱ መንግሥታት ያኔ ወዳጆች ስለነበሩ ዝርዝሩን ማንሣት አስፈላጊ አልመሰላቸውም። የዜግነቱ ጉዳይ በጋራ ስብሰባቸው የተነሣው በነሐሴ 1988 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ በኢትዮጵያ ዜግነት ሲጠቀሙ የቆዩ ኤርትራውያን አንዱን መርጠው በምርጫቸው እንዲጸኑ ይደረግ ተባለ። አፈጻጸሙ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነት ተነሣ፤ የመምረጡም ዕድል ሳይመጣ ቀረ።

መጀመሪያ የተነካው ገንዘቡ ነው

ነፃነት ከታወጀ ከአራት ዓመት በላይ ሁለቱ አገሮች በአንድ ብር ተገበያዩ። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች። ኢትዮጵያም የብር ኖቶቿን ቀየረች። ኤርትራ ናቅፋና ብር እኩል ሆነው በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ትፈልግ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ንግዱ እንደማንኛውም የውጭ ንግድ ባንክ ገብቶ ኤልሲ ተከፍቶ በዶላር እንዲሆን አለች፤ ከዚህ ነፃ የተደረገው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንበር ላይ ንግድ ብቻ ነበር።

ይህ ለባንክ ባለሙያ የተለመደ አሠራር ነው። ጤፍ በኩንታል ጭና አስመራ ለምታራግፍ፣ መልስ ጉዞዋን ጨርቅና የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ለምትመለስ ነጋዴ ግን ሥራዋን መዝጋት ማለት ነው። ዶላር ከየት ታመጣለች? ኤልሲ ለመክፈት ምን መያዣ አላት? ደንበኞቿ የወሰዱባትን ዱቤስ በየትኛው ገንዘብ ትሰበስባለች? በአስመራ በኩል ደግሞ ጤፍ ከመሃል አገር ይመጣ ስለነበር ንግዱ ሲታነቅ የእንጀራ ነገር ወዲያው በየቤቱ ታወቀ።

ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ጥይት አልተተኮሰም። ጓዳው ግን ተነክቷል።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ

በሚያዝያ መጨረሻ 1990 ዓ.ም. ባድመ አካባቢ ግጭት ተነሣ፤ በግንቦት ሙሉ ጦርነት ሆነ። መነሻው የ1892ቱ፣ የ1894ቱና የ1900ው ውሎች መሬት ላይ ያልወረዱት መስመር ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አየር ማረፊያ ደበደቡ። በዚያው ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች በመቀሌ የአይደር ትምህርት ቤትን መቱ፤ ልጆችና ሊያነሷቸው የሮጡ ወላጆችን ጨምሮ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በሰኔ ማባረሩ ተጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለአገር ደኅንነት ያሰጋሉ ያላቸውን የኤርትራ ተወላጆች ከየቤታቸውና ከየሥራ ቦታቸው እየያዘ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ላከ። ጦርነቱ እስኪያበቃ የወጡት 75 ሺህ እንደሚደርሱ ተገምቷል። መጀመሪያ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና በኤርትራውያን ማኅበራት የሚሳተፉ ሰዎች ተወሰዱ፤ በኋላ አረጋውያንና ሕፃናትም ተከተሉ። ከሚቀርብባቸው ማስረጃ አንዱ በ1985 ዓ.ም. በሪፈረንደሙ ድምፅ መስጠታቸው ነበር። ያኔ በጠራራ ፀሐይ በሁለቱም መንግሥታት ፈቃድ የተሰጠ ድምፅ ከአምስት ዓመት በኋላ የባዕድነት ማስረጃ ሆነ።

በየቤቱ የሆነውን እናስብ። አባት ተወሰደ። እናት የሌላ ብሔረሰብ ተወላጅ ስለሆነች ቀረች። የቤቱ ካርታ በእሱ ስም ነው፤ የንግድ ፈቃዱም፣ የባንክ ደብተሩም እንደዚያው። ውክልና ለመስጠት ጊዜ ያገኘ ጥቂት ነው፤ ያገኘውም ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ጋብቻቸው በሽማግሌ የተፈጸመ፣ በማዘጋጃ ቤት ያልተመዘገበ ከሆነ ሚስትነቷን የምታስረዳበት ወረቀት የላትም። ካለም የሚስትነት ወረቀቱ ራሱ ጣጣ ይሆንባታል፤ የኤርትራዊ ሚስት መሆኗን ይመሰክራልና። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲጠየቁ የአባት ስም ይናገራሉ፤ ስሙ የትግርኛ ስም ነው። እናት «አባታችሁ ለሥራ ሄዷል በሉ» ብላ ማስተማር ያዘች። በየጎረቤቱ የበላ የጠጣው ሰው ገሚሱ ዕቃ ደብቆ አቆየላት፣ ልጆቿን ከልጆቹ ጋር አበላላት። ገሚሱ ደግሞ ፊቱን አዞረ። ሁለቱም በአንድ ሰፈር ሆነዋል።

በኤርትራ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አልዳኑም። የኢትዮጵያ ዕቃ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ሲዞር የወደቡ ሠራተኞች ሥራ ፈቱ። ከሥራ የተባረሩ፣ አከራይ ቤት ያስለቀቃቸው፣ በተለይ ከ1992 ዓ.ም. ውጊያ በኋላ በማጎሪያ የታሰሩና ከዚያ የተባረሩ ብዙ ናቸው። በጦርነቱ ዓመታት ተባርረውም ሆነ ኑሮ ገፍቷቸው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በሰው ቤት ተቀጥረው፣ በሻይ ቤትና በመጠጥ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ሴቶች ያጠራቀሙትን እንኳ ሳይዙ ተመለሱ። ተወልደው ያደጉበት ወይም ዘመድ ያላቸው ቦታ ሄደው እንዲቋቋሙ ተነገራቸው። አንዳንዷ ግን ከአገሯ ከወጣች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ የሚቀበላት ዘመድ የለም።

ስልኩ

በጦርነቱ መጀመሪያ የስልክ መስመሩ፣ ፖስታውና በረራው ተቋረጠ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሞተዋል። በኢትዮጵያ በኩል ከ300 ሺህ በላይ፣ በኤርትራ በኩል ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ስምምነቱ ሲፈረም ውጊያው ቆመ፤ ስልኩ ግን አልተከፈተም። ሳይከፈት ከ17 ዓመት በላይ ተቆጠረ።

አስመራ ያለች እናት አዲስ አበባ ካለች ልጇ ጋር ለመነጋገር ሦስተኛ አገር ያስፈልጋት ነበር። ካርቱም፣ ሮም ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ከአንዷ ሰምቶ ለሌላዋ ይነግራል። ሰርጉም ልደቱም መርዶውም በዚህ መንገድ ሄደ። ቀይ መስቀል የቤተሰብ መልእክት በወረቀት ያመላልስ ነበር፤ ወደ አገራቸው መመለስ የሚፈልጉትንም በመረብ ወንዝ በኩል ያሻግር ነበር። ከዚያ ውጪ መንገድ አልነበረም።

እኛ አገር ለቅሶ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። የእናቷን ቀብር ያልቆመች፣ መርዶውን ከሦስት ወር በኋላ ከውጭ አገር በስልክ የሰማች ሴት ድንኳን ጥላ ብትቀመጥም ሐዘኑ አይወጣላትም። በነዚያ ዓመታት በሁለቱም በኩል ስንት ሰው እንዲህ ባለ ሐዘን እንደተቀመጠ የቆጠረ የለም።

ድንበሩ ላይ የሚኖሩት

በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. በዘ ሔግ የተቀመጠው የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን ሰጠ፤ ባድመ ለኤርትራ ተባለች። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሥራ ላይ አላዋለችም፤ በኋላም ውይይት ይቅደም አለች። ድንበሩ ሳይከለል፣ ሁለት ሠራዊት ፊት ለፊት ተፋጦ ዓመታት አለፉ።

በዚህ መካከል ዛላምበሳ አለች። የአዲግራትና የሰንዓፈ ሰው የሚገናኝባት ከተማ ነበረች። በጦርነቱ አብዛኛው ቤቷ ፈረሰ። ነዋሪዋ ሲመለስ ገበያ አልጠበቀውም፤ መንገዱ ከከተማዋ ጫፍ ላይ ተዘግቷል። የኢሮብ ሕዝብ ደግሞ የኮሚሽኑ መስመር በመካከሉ ያልፋል። በቁጥር ትንሽ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው ይህ ሕዝብ ቢከለል ለሁለት መንግሥት ሊካፈል ነው። ኢሮቦች አንሰነጠቅም ብለው ለዓመታት ተቃወሙ። የውሉ ቃል ሲጻፍ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

ካሳው

የአልጀርሱ ስምምነት የካሳ ኮሚሽንም አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ስለ ሲቪሎች በሰጠው ውሳኔ በሪፈረንደሙ ለመሳተፍ የኤርትራን ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ኢትዮጵያዊነታቸው በዚያ እንዳልጠፋ፣ ጥምር ዜጎች እንደነበሩ አስቀመጠ። በዜግነት መንጠቁ፣ በማባረሩ፣ በእስሩና በንብረቱ ጉዳይ ሁለቱንም መንግሥታት በየጥፋታቸው ተጠያቂ አደረገ። ኢትዮጵያም በጥር 1996 ዓ.ም. ባወጣችው መመሪያ በአገሩ የቀሩ የኤርትራ ተወላጆች የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን መልሰው እንዲያገኙ መንገድ ከፍታ ነበር።

በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የገንዘቡ ውሳኔ ተሰማ። ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ ደግሞ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወሰነ። ሲቀናነስ ልዩነቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሞቶ፣ ተባርሮና ተለያይቶ የመንግሥታቱ ሒሳብ ለመቻቻል የቀረበ ሆነ። በመንግሥታት መካከል ዕዳ በዕዳ ይጣፋል። ሱቋ የተዘጋባት ሴት ግን ከማን ጋር ትጣፋ?

የተከፈተውና የተዘጋው በር

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአስመራ የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱ ታወጀ። በዚያው ሰሞን ስልኩ ተከፈተ። ሰዉ የዘመዱን ቁጥር ቢያጣ እንኳ ዝም ብሎ ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር እየተሳሳቀ አወራ። ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ20 ዓመት በኋላ አስመራ አረፈ። አባቶች ሕፃን ሆነው የተለዩአቸውን ልጆች አድገው አገኙ፤ አየር ማረፊያው በዕልልታና በለቅሶ ተሞላ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ ድንበሩ ተከፈተ። ጤፍና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወደ ሰሜን፣ ዘመድ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ወደ ደቡብ ይጎርፍ ጀመር።

የሰላም መግለጫው አምስት ነጥብ ብቻ ነበር። በድንበሩ ላይ ቀረጡ ስንት ነው፣ ገንዘቡ በምን ይመነዘራል፣ የሚያልፈው ሰው ምን ወረቀት ይይዛል የሚለው በዝርዝር ተወስኖ ለሕዝብ አልተነገረም። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳው በር ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ገደማ ሌሎቹም ተዘጉ። ሕዝቡ ሲከፈት ምክንያቱን ሰምቶ ነበር፤ ሲዘጋ ግን የነገረው የለም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣውና የኤርትራ ሠራዊትም በገባበት ጦርነት ዛላምበሳና ኢሮብ እንደገና የጦርነት ሜዳ ሆኑ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባና አስመራ በረራም ተቋረጠ።

የ1985ቱ ስሕተት በ2010ም ተደግሟል ማለታችን ነው። በመጀመሪያው ጊዜ መለያየቱ፣ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ መታረቁ በመሪዎች ወዳጅነት ላይ ቆመ። ወዳጅነቱ ሲቀዘቅዝ ተራው ሰው የሚይዘው ወረቀት አልነበረውም።

እኛ ምን እንያዝ?

አገር ይለያይ ወይም አንድ ይሁን የሚለውን እኛ በዚህ መጽሔት አንወስንም። በመካከላችን በዚህ ጉዳይ የተለያየ አቋም ያላቸው እህቶች አሉ፤ በአንድ ቁጠባ ማኅበር ውስጥ ሆነው በሰላም ይከራከራሉ። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል። መንግሥታት ስለ ድንበር፣ ስለ ወደብ ወይም ስለ ሰላም ሲነጋገሩ የሚነሡ የጓዳ ጥያቄዎች አሉ። የተቀላቀለ ቤተሰብ ልጆች የማን ዜጋ ናቸው? ጡረታው በማን በኩል ይከፈላል? ጠብ ቢነሣ እንኳ ስልኩ እንዳይዘጋ ምን ዋስትና አለ? የሞተበት ሰው ቀብር እንዲደርስ በየት ያልፋል? እነዚህ ከስምምነቱ በኋላ ለኮሚቴ የሚተዉ ጥቃቅን ጉዳዮች ተደርገው ታዩ። ዋጋቸውን ያየነው ግን በሃያ ዓመት ለቅሶ ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እንሥራ። ከ1990 ዓ.ም. ሴቶች የተማርነው ወረቀት ቤት እንደሚያድን ነው። በባህልም ሆነ በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻችሁን በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ። የልጆቻችሁን የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ። የቤት ካርታና የባንክ ሒሳብ በባል ስም ብቻ ከሆነ ተነጋግራችሁ የሁለታችሁን ስም አስገቡ። የሁሉንም ቅጂ ከቤት ውጪ በሚታመን ሰው ዘንድ አስቀምጡ። ለዚህ የሚሆን የአገልግሎት ክፍያ ለቸገራቸው አባላት ማኅበራችን ከመረዳጃው ሣጥን ያበድራል። ደጋፊዎቻችን ለዚህ ሣጥን የምትሰጡት በሪፖርት ላይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። አንዲት እናት በክፉ ቀን የልጆቿ እናት፣ የቤቷም ባለቤት መሆኗን በወረቀት እንድታስረዳ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ሌላው የጎረቤት ጉዳይ ነው። በ1990 ዓ.ም. ዕቃ ደብቀው ያቆዩ፣ ልጅ ያስጠጉ፣ የተባረረውን ሰው የዕድር ስም ሳይሰርዙ ያቆዩ ሰዎችን ዛሬም በስማቸው የሚያነሡ ቤተሰቦች አሉ። ፊታቸውን ያዞሩትም አልተረሱም። ድንበሩ የት እንደሚሰመር የሚጠይቀን የለም። የጎረቤታችንን ልጅ ከማዕዳችን ማስነሣትና አለማስነሣት ግን በእኛ እጅ ነው።